የአዳማ ምላስና የወንድሜ ቀኝ እጅ

ሻይ ሻጯን ሀጂራን የማያውቅ አዳማ ላይ የለም። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ግራሯ ሥር፣ በራዴን ጥጄ የምውለው እኔ ነኝ። ምላሴንም የማያውቅ የለም። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እያሉ ሲተርቱብኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይተርቱ! የኔ አፍ ቢያመልጥ በእውነት ነው የሚያመልጠው። የነሱ አፍ ግን ወንድሜን በቁሙ ቀብሮት ነበር፤ ይኸው አሁን ስናገረው እንኳ ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ጂብሪል ይባላል። እናት አባታችንን ወሎ ላይ የኅዳር በሽታ ጠራርጎ ሲወስዳቸው እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። በጀርባዬ አዝዬ፣ ሲከብደኝ እያስኬድኩ፣ ቅራሪ እየለመንኩ አዳማ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እኔ ሳላገባ ቀረሁ፣ እሱ ግን አደገ። ቁመቱ መቃ፣ ጠባዩ ማር። ጢም ሲያወጣ ጣቢያው ሥራ ገባልኝ፤ ፉርጎ ከፉርጎ ማያያዝ።

ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገር። ልጁ በሁለት ፉርጎዎች መሀል ይገባል። ሰንሰለቱን አንስቶ መንጠቆው ላይ ይጥላል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። መውጣቱን በዓይኑ ያየ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ጨርቅ ያውለበልባል። ነጂው ጨርቁን ሲያይ ይገፋል። ልጁ ሳይወጣ ጨርቁ ከተውለበለበ አለቀ፤ ፉርጎ ሰው መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ የልጁ ነፍስ ያለው በካቦው እጅ ነው። የኛ ካቦ ደግሞ ኃይለየሱስ የሚባል፣ ባርኔጣውን ወደ ጆሮው ዘንበል አድርጎ የሚሄድ፣ ሲስቅ ከማንም በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ሻዬን ስንት ጊዜ ጠጥቷል መሰላችሁ! የጠጣው ሁሉ ሐሞት ይሁንበት!

ሁለቱ ከአዳማ ከባቡሩ ጋር ተልከው ሄደው፣ አዋሽ ጣቢያ ላይ ነው የሆነው። የአዋሽ ኩሊዎች በዚያኛው ወገን ቆዳ ይጭናሉ፤ በዚህኛው ወገን ጂብሪልና ኃይለየሱስ ብቻ ናቸው። ጂብሪል መሀል ገብቶ ሰንሰለቱን እንደያዘ ፉርጎው ተገፋ። ቀኝ እጁ ከሁለቱ ብረት መሀል ቀረ። በዚያው ባቡር ድሬዳዋ ወሰዱት፣ ሐኪሙም እጁ ሊድን አይችልም ብሎ ከአንጓው ላይ ቆረጠው። እኔ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ክረምቱን እዚያው ተኝቶ፣ መስቀል ሲደርስ ከባቡር ወረደ። በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ሳይ ምድር ተገለበጠችብኝ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ፦ «እትዬ፣ ነፍሴ አለች እኮ» አለኝ።

ነፍሱስ ነበረች። ስሙን ነው የቀበሩት።

በኛ አገር ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ልጭት ብሎ የተቆረጠ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳኛ ያስቆረጠው ሌባ። ሽማግሌዎቹ በወጣትነታቸው ገበያ መሀል ሲቆረጥ አይተዋል፣ ወጣቶቹም ከነሱ ሰምተዋል። ታዲያ ጂብሪል ሙሉ ሰው ሆኖ ሄደ፣ ጎደሎ ሆኖ መጣ። መሀል ላይ የሆነውን ያየ የለም። ሐኪም የሚባለውን አዳማ ላይ ስንቱ ያውቀዋል? ሰዎች ኃይለየሱስን ጠየቁት። ያ እባብ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ አላየሁም። ልጁን ድሬዳዋ ልኬው ነበር፣ እዚያ የሠራውን ምን አውቃለሁ?» አለ። አለቀ። ዋሸ እንዳይባል ሌባ አላለም፤ ግን ሌላው እንዲል በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ካቦ ነዋ! የካቦ ቃል ከኩሊ ቃል ይከብዳል።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ጂብሪል ሲቀመጥ ኪሱን ይዳብሳል። ገበያ ውስጥ ሲያልፍ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። የጨው ሻጯ አሰለፈች፣ ከነልጆቿ ስትታመም ያስታመምኳት፣ «ሀጂራዬ፣ ልጁን ቤት አታስቀሪው፣ ዕቃሽን ያወጣብሻል» ስትለኝ ማማሰያዬን ወረወርኩባት። ሳትኳት እንጂ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ የኔ ዳዋ ግን እየተመታ ዝም ነው የሚለው። «ተናገር እንጂ!» ስለው፣ «ተናግሬያለሁ እትዬ፣ የሚሰማኝ አጣሁ» ይለኛል።

ይህም ሁሉ ይሁን፤ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የፋዲላን ነው። ፋዲላ የቆዳ ነጋዴው የሐጂ አብዱናሲር ልጅ ናት። ከአደጋው በፊት ሽማግሌ ልከን፣ ሐጂ ራሳቸው «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰጥቻለሁ» ብለው፣ ዱዓ ተደርጎ ያለቀ ነገር ነበር። ልጅቱም ትወደዋለች፤ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በግራሯ በኩል የምትዞረው ሻይ አምሯት አይደለም። እጁ ከሄደ በኋላ ሐጂ መልእክት ላኩ። «ነገሩ ይጣራ። ካልተጣራ ረመዳን ሳይገባ ልጄን ለሞጆ ነጋዴ እሰጣለሁ።» ይጣራ! ማን ያጣራው? ያየው አንድ ሰው፣ እሱም አላየሁም ባይ! ጂብሪል መልእክቱን ሲሰማ እህል መብላት ተወ። በግራ እጁ መብላት ያፍራል፣ እኔ ላጉርስህ ስለው ያፍራል፣ ያንን ቀን ግን ዝም ብሎ ተወው።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ደሊል የመጣው።

ደሊል የመናዊ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ድሮ መርከብ ላይ እሳት ያነድ ነበር፣ ስለዚህ በየወደቡ ወዳጅ አለው፣ የዓለም ወሬ አያልፈውም። ከጅቡቲ በመጣ ቁጥር ባቡሩ ውሃ እስኪሞላ እኔ ዘንድ ሻዩን ይጠጣል። ያን ቀን ግን ገና ሳይቀመጥ ይራገማል።

«ምን ሆነሃል ደሊል? ማን ነካህ?» አልኩት።

«ግብፆች አቃጠሉኝ ያ ሀጂራ! ግብፆች! መርከብ አመለጣቸው!»

«ያንተን ጨርቅ የጫነ መርከብ?»

«ምን ጨርቅ! ኳስ ነው!»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ ባሕር ተሻግሮ፣ ኡራጓይ የሚባል አገር አለ፤ የዓለምን ኳስ ተጫዋቾች ለዋንጫ ጠራ። ይህን የመሰለ ጥሪ ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። ግብፅም ተጠራች። ልጆቹ ተነሡ፣ ማዕበል ያዛቸው፣ ሊሳፈሩበት የነበረው መርከብ ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ምን አደረጉ? ቴሌግራም ላኩ! «መምጣት አልቻልንም» ብለው! ደሊል እስክንድርያ ወደብ ላይ ይህን ሲሰማ ከአንድ ግብፃዊ ጋር ሊደባደብ እንደነበር እየማለ ነገረኝ።

«አንተ የመናዊ፣ እነሱ ግብፆች፤ ምን አገባህ?» አልኩት።

«ከኛ ወገን ሌላ ማን ተጠራ? ነጭ ብቻ ለብቻው ሲጫወት ደስ ይልሻል?»

ይህንስ እውነቱን ነው። ሻዩን ጨመርኩለት። መጨረሻው እንዴት ሆነ ስለው ሳቁ መጣ። መጨረሻ ላይ የተገናኙት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ኡራጓይና አርጀንቲና። ሜዳ ገብተው ተጣሉ፤ በምን? በኳስ! አንዱ በኔ ኳስ ካልሆነ አልጫወትም ይላል፣ ሌላው በኔ ካልሆነ እሞታለሁ ይላል። በስንት ጭቅጭቅ ተማከሩና የመጀመሪያውን እኩሌታ በአርጀንቲና ኳስ፣ የኋለኛውን በኡራጓይ ኳስ ተጫወቱ። በራሱ ኳስ አርጀንቲና መራ፣ በራሱ ኳስ ደግሞ ኡራጓይ ተነሥቶ አራት ለሁለት ረታ። «ጢም ያበቀሉ ሰዎች ናቸው?» ብዬ ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቄ ነበር።

«አራተኛዋን፣ የመጨረሻዋን ያገባው ማን መሰለሽ?» አለ ደሊል። «ባለ አንድ እጁ! ቀኝ ክንዱ የለም። በልጅነቱ መጋዝ በላው። በጭንቅላቱ ገጭቶ አስገባት!»

ጂብሪል ከኋላዬ ግራሯን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፣ ጉማጅ ክንዱን በጋቢው ሸፍኖ። ቀና አለ።

«ሰዉ ምን አለው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንን?»

«ባለ አንድ እጁን።»

«ምን ይለዋል? አገሩ ሁሉ አበደለት እንጂ!»

ጂብሪል ጋቢውን ሳብ አደረገ። «ሌባ አላሉትም?»

ደሊል ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ የኔን ፊት አየ፣ የልጁን ጋቢ አየ፣ አፉን ዘጋ። ባቡሩ ሲጮህ «አላህ ያውቃል ወንድሜ» ብሎ በግራ ትከሻው ላይ መታ አድርጎት ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂብሪል ከሰዓት በኋላ መጥፋት ጀመረ። ለካ ከጣቢያው ጀርባ ያለው ሜዳ ይሄዳል። ከአደጋው በፊት የገበያ ልጆች ያለ እሱ አይጫወቱም ነበር፤ እግሩ እግር ነው። አሁን ሲመጣ መጀመሪያ ዞር አሉበት፣ ኋላ ግን የጣቢያው ኩሊዎች ለግጥሚያ ሲጠሯቸው ሰው ጎደላቸውና «በል ግባ» አሉት። የጨነቀው ከሌባም ይጫወታል!

ግጥሚያው እሑድ ነበር። በራዴን ይዤ ወጣሁ፤ ሻይ ልሸጥ ብዬ፣ እውነቱን ግን ወንድሜን ላየው። አዳማ ግልብጥ ብላ ወጥታለች። ሐጂ አብዱናሲርም በበቅሏቸው ላይ ሆነው ዳር ቆመዋል። ኃይለየሱስ የኩሊዎቹ መሪ ነው፤ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ያገኛትን የቆዳ ኳስ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። የገበያ ልጆች ኳስ በጨርቅ ታጭቃ የተሰፋች የፍየል ቆዳ ናት፣ ስትነጥር ወዴት እንደምትሄድ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወዲያው ጠብ። «በኛ ኳስ!» «በኛ ኳስ!» ዱላ ሊነሣ ሲል ከዳር ጮህኩ።

«እናንተ ደደቦች! ለዓለም ዋንጫ የተጫወቱት እንኳ ተስማምተዋል! እኩሌታውን በዚህ፣ እኩሌታውን በዚያ!»

ሳቁብኝ። ግን ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያመጣ አልነበረም፣ እንዳልኩት አደረጉ። በኃይለየሱስ ኳስ ኩሊዎቹ ሁለት አገቡ። በፍየሏ ጊዜ ደግሞ የገበያ ልጆች ሁለቱንም መለሱ፤ እሷን የሚያውቋት እነሱ ብቻ ናቸዋ። ሊያልቅ ሲል ጂብሪል ከመሀል ተነሣ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ጉማጅ ክንዱ ከሸሚዙ እጅጌ ወጥቶ በአየር ላይ ይወዛወዛል፣ እሱ ረስቶታል። መታት። ገባች!

እልል አልኩ። አንድ እልልታ። ሁለተኛውን አላደረሱኝም። ከኩሊዎቹ ወገን አንዱ «ያዙት! ሰረቀ! ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ «ሌባ! ሌባ! ሌባ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። ያገባላቸው የገበያ ልጆች እንኳ፣ ያሸነፈላቸው፣ እየሳቁ ያጨበጭባሉ። ኃይለየሱስ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጂብሪል ሜዳው መሀል ብቻውን ቆመ። እጅጌውን በጥርሱ ስቦ ጉማጁን ሸፈነው።

ሐጂ አብዱናሲር በቅሏቸውን አዞሩ። «ልጄን ለእጀ ቆራጣ አልሰጥም!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «የሞጆው ሰው ሰኞ ይምጣ በሉት።»

በራዴን መሬት ላይ ደፋሁት። ሻዩ ሁሉ ፈሰሰ። «ሐጂ!» ብዬ የበቅሏቸውን ልጓም ያዝኩ። «እርስዎ ሰምተው ነው ወይስ አይተው? መካ የሄዱት ለዚህ ነው? ሰኞ የሚመጣ ካለ እኔም እመጣለሁ! ያየ ሰው ይምጣ፣ ያላየ አፉን ይዝጋ!» ሰዉ «ሴትዮዋ አበደች» አለ። አበድኩ እንጂ! ያን ጊዜ ያላበደ መቼ ያብዳል?

ከዚያው በቀጥታ ኦቦ ራህመቶ ቤት ሄድኩ። ኦቦ ራህመቶ የአርሲ ሰው ናቸው፣ ሸምግለው ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን ሐጂም ሆነ ካቦ እሳቸው ሲጠሩ አልመጣም አይልም። በራፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም አባቴ። የሚገድሉት ሰኞ ነው» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ሰኞ ጠዋት ግቢያቸው እንዲሰበሰቡ ለሁሉም መልእክት ላኩ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ሐጂም፣ የሞጆው ነጋዴም፣ ኃይለየሱስም ተጠርቶ መጣ። ጂብሪል ቆሟል፤ ፋዲላ ከሴቶች ጋር ቤት ውስጥ ናት። የገበያው ሰው አጥሩን ሞልቶታል። ሴት በሸንጎ አትናገርም አሉ። «አባት የላቸውም፣ አባታቸው እሷ ናት» አሉ ኦቦ ራህመቶ። ተነሣሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የደሊልን ወሬ አወጣሁ። ኡራጓይ የሚባል አገር እንዳለ፣ ዓለም እንደተሰበሰበ፣ የመጨረሻዋን ያገባው ቀኝ ክንዱ የሌለ ሰው እንደሆነ፣ አገሩም እንዳከበረው ነገርኳቸው። «እነሱ እንዲህ ሲያከብሩ እኛ ያገባልንን ልጅ ሌባ እንላለን!» ብዬ ተቀመጥኩ። ልቤ ሞቅ አለ፤ የረታሁ መሰለኝ።

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። «ቆይ፣ ያም ሰው ቀኙ ነው የሌለው?»

«አዎ ሐጂ።»

«ከተቆረጠ በኋላ ነው ኳስ የጀመረው?»

«አዎ።»

ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምን ሰርቆ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ «ሱብሃነላህ! ለካ ባሕር ማዶም ይቆርጣሉ!» ብሎ ተገረመ። «መጋዝ ነው የቆረጠው!» ብዬ ጮህኩ። «መጋዝ!» «መጋዝ ማለቱማ የሱ ወሬ ነው» አለ ኃይለየሱስ እየሳቀ፣ «ማን አየ?» አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ! እኔ ነኝ በገዛ አፌ ለወንድሜ ሌላ ሌባ ያቆምኩለት። ምላሴን ነክሼ ልቆርጠው ነበር፣ ወላሂ።

ኦቦ ራህመቶ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «ሩቅ አገር ምን ወሰደን? ልጁ እዚህ አለ። ቁርኣን ይምጣና ይማል። አልሰረቅሁም፣ እጄን ፉርጎ ነው የበላው ብሎ ይማል። ከማለ አልቋል።»

ደስ አለኝ። ቁርኣኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ፣ ጨርቁም ተገለጠ። ጂብሪል ቀረበ።

«ቀኝ እጅህን አኑር» አለ ቁርኣኑን የያዘው ሽማግሌ። ተናግሮ ሳይጨርስ የተናገረው ነገር ለራሱም ገባው።

ጂብሪል ግራውን ሊያነሣ ሲል «አይሆንም!» አሉ ሐጂ። «በግራ መሐላ የለም። ግራ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የኪታቡ ክብር ይጠበቅ።»

ሽማግሌዎቹም «እውነት ነው፣ በግራ አይማልም» አሉ። አያችሁ? እጁ የለም፣ ስለዚህ ሌባ ነው። ሌባ አይደለሁም ብሎ እንዳይምል እጁ የለም! ብድግ ብዬ፣ «እናንተ ከሰው አልተፈጠራችሁም? እጁን ከየት ያምጣላችሁ? አዋሽ ሄጄ ከፉርጎ ሥር ለቅሜ ላምጣው?» አልኩ። ሁለት ሰው ይዞ አስቀመጠኝ።

ያን ጊዜ ጂብሪል ጋቢውን ከትከሻው ጣለው። እጅጌውን በጥርሱ ይዞ እስከ ክርኑ ሰበሰበው። ከመጣ ጀምሮ ለኔ እንኳ ደፍሮ ያላሳየውን ጉማጅ፣ ቀዩን ጠባሳ፣ በፀሐይ አወጣው። ዘርግቶም ቁርኣኑ ላይ አኖረው።

«ይኸው ቀኝ እጄ» አለ።

ቁርኣን ያዡ ሊያፈገፍግ ሲል ኦቦ ራህመቶ ክንዱን ያዙት። «ቁም! ይህ ልጅ መስጊድ ከጎኔ ነው ውዱእ የሚያደርገው። የቀረችውን ቀኙን አስቀድሞ ያጥባታል። አላህ ለስግደት የተቀበላትን ክንድ፣ እኛ ማን ነን ለመሐላ አንቀበልም የምንል? ማል ልጄ።»

ጂብሪል ማለ። «ወላሂ አልሰረቅሁም። አዋሽ ላይ ፉርጎ መሀል ነበርኩ። ጋሽ ኃይለየሱስ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ሳልወጣ ጨርቁን አውለበለበ። ከዋሸሁ ግራዬንም ይውሰዳት።»

ሰው አልሳቀም አሁን። ኦቦ ራህመቶ ፊታቸውን ወደ ኃይለየሱስ መለሱ። «አንተ ክርስቲያን ነህ፣ በኪታባችን አላስምልህም። ቀኝህን አንሣና ንጉሥ ይሙት፣ እዚያ አልነበርኩም፣ አላየሁም በል። ከዚያ ወደ ሥራህ ሂድ።»

ቀላል ነገር ነበር። እጅ አለው፤ ሙሉ፣ ጤነኛ፣ ቀለበት ያለበት እጅ። ግን በንጉሥ ስም በሐሰት የማለ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ቀኝ እጁን ነጠላው ውስጥ ሸሸገው። «ሥራ አለብኝ፣ ባቡር ሊመጣ ነው» አለ።

«እጅህን አውጣ» አሉት።

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«እጅህን አውጣ!» አልኩ እኔ። አጥሩ ላይ ያሉትም «አውጣ! አውጣ!» ማለት ጀመሩ። እሑድ ሌባ ያሉት እነዚያው አፎች ናቸው።

ላብ ግንባሩን ሞላው። «ገና እዚያ ውስጥ መኖሩን በምን አውቄ!» ብሎ ፈነዳ። «የወጣ መስሎኝ ነው! ባቡሩ ሊነሣ ነበር! የሐጂ ቆዳ ካልተጫነ ይገድሉኝ ነበር፣ ቶሎ በል ቶሎ በል ብለው ልከውብኝ...»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ኦቦ ራህመቶ «ዱጋ» አሉ ቀስ ብለው፤ በነሱ ቋንቋ እውነት ማለት ነው። ኃይለየሱስ ባርኔጣውን አንሥቶ በአጥሩ በኩል ወጣ፣ ሰውም መንገድ ለቀቀለት። ምነው አንድ ሰው እንኳ አንድ ጥፊ ቢያቀምስልኝ! የመታው የለም።

እኔ ግን ሐጂን ነበር የማየው። የወንድሜ እጅ ለማን ዕቃ እንደ ሄደ አሁን ገባቸው። ለፍየል ቆዳ! የሳቸው የፍየል ቆዳ በሰዓቱ እንዲደርስ! የሞጆው ነጋዴ ጫማውን ፈልጎ ሹልክ አለ። ሐጂ ቆይተው ተነሡ፣ «ልጄን ጠይቋት» አሉ። ሴቶች ገብተው ጠየቋት። መልሷ በሩ ሳይከፈት ተሰማ፤ «እሱን ነው የምለው፣ ስንቴ ልበላችሁ!» አለች ፋዲላ። ይህቺንስ ወደድኳት።

«እንግዲህ ኒካሁ አሁን ይታሰር» አሉ ሐጂ። ጂብሪል ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ። በኛ ደንብ ጋብቻ ሲታሰር የልጅቱ አባትና ሙሽራው ቀኝ ለቀኝ ይያያዛሉ። ሐጂ ቀኛቸውን ዘረጉ፣ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ደንግጠው ግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ፣ «ቀኝ ነው ሐጂ» አለ ጂብሪል። ጉማጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው።

ሐጂ ጠባሳውን አዩት። ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አስጠጉና ጨበጡት። «ልጄን ፋዲላን...» ብለው የኒካሁን ቃል ሊጀምሩ ሲሉ ጂብሪል አቋረጣቸው። ወንድሜ፣ ያ ዝምተኛው፣ ዶሮ እሽ የማይለው!

«ከዚህ በፊት አንድ ነገር ይበሉልኝ» አለ። «እሑድ ሜዳ ላይ እጀ ቆራጣ ያሉኝ በቅሎ ላይ ሆነው ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁንም ሰው ሁሉ አለ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «ልጁ ሌባ አይደለም» አሉ በለሆሳስ።

«አልተሰማም» አለ ጂብሪል። ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ቁጣ አይቼ አላውቅም፤ የኔ ቁጣ ከሱ አጠገብ ጨዋታ ነው። ክንዱን ከእጃቸው አላወጣም፣ እሳቸውም አልለቀቁም።

ሐጂ ቀና ብለው ወደ አጥሩ ዞሩ። «እጁን ያጣው በኔ ዕቃ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ! ዋሽቻለሁ! ልጁ ሌባ አይደለም!»

ገበያው ሁሉ ሰማ። ጂብሪል እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገውም፤ በአንዱ እጁ ከመሬት ያነሣውን ጋቢ ይዟል፣ ሌላው ተይዟል።

«አሁን ይጠይቁኝ» አለ።

ጠየቁት። እሱም «ቀቢልቱ፣ ተቀብያለሁ» አለ።